የበጎ ፈቃደኛ አስጠኚዎች የሒሳብ እርዳታ፤ «ዶክተር ማዝን ጠይቁ» የተባለው አገልግሎት ሲገመገም

መግቢያ

በሒሳብ ትምህርት ወደ ኋላ የቀረ ተማሪ ለዚህ የሚበቃው ብዙውን ጊዜ ትምህርቱ ስላልተሰጠው አይደለም። ትምህርቱ ሲሰጥ በአእምሮው የተፈጠረውን ጥያቄ የሚያቀርብበት ጊዜና የሚሰማው ሰው በማጣቱ ነው። ስድሳ ተማሪዎች በተቀመጡበት ክፍል የአርባ ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ለእያንዳንዱ ተማሪ ቢከፋፈል አንድ ደቂቃ እንኳ አይደርስም። ዛሬ ያልተጠየቀው ጥያቄ ነገ ከሚሰጠው ትምህርት ጋር እየተደራረበ ይሄድና ተማሪው በመጨረሻ «ሒሳብ አይገባኝም» ከሚል ድምዳሜ ላይ ይደርሳል።

ኢንተርኔት ከተስፋፋ ወዲህ ይህን ጉድለት ያቃልላሉ ተብለው ተስፋ ከተጣለባቸው መንገዶች አንዱ፣ በጎ ፈቃደኛ አስጠኚዎች በኢንተርኔት አማካይነት ያለ ክፍያ የሚሰጡት የሒሳብ እርዳታ ነው። ተስፋው መሠረት የሌለው አይደለም። ይሁን እንጂ አንድን አሠራር በትምህርት ዕቅድ ውስጥ ለማስገባት ነጻ መሆኑና በአዲስ ቴክኖሎጂ የሚሰጥ መሆኑ ብቻ በቂ ምክንያት ሊሆን አይችልም። የሚጠቅመው ማንን ነው፣ የሚጠቅመውስ በምን ምክንያት ነው የሚሉት ጥያቄዎች አስቀድመው መመለስ ይገባቸዋል። ለዚህም በዓይነቱ ከቀደምቶቹ አንዱ የሆነውንና ከሃያ ዓመት በላይ ያገለገለውን «ዶክተር ማዝን ጠይቁ» የተባለውን የአሜሪካ አገልግሎት መመርመር ጥሩ መነሻ ይሆናል።

የአገልግሎቱ አመጣጥና አሠራር

አገልግሎቱ የተጀመረው በ1994 እ.ኤ.አ. በፔንሲልቬንያ በሚገኘው በስዋርዝሞር ኮሌጅ ነው። በኮሌጁ ውስጥ የጂኦሜትሪ ትምህርትን በኢንተርኔት ለመደገፍ የተቋቋመ አንድ ፕሮጀክት ነበር፤ ይኸው ፕሮጀክት በኋላ «ማዝ ፎረም» የሚል ስም ይዞ ሰፋ። የኮሌጁ ተማሪዎች ከአንደኛና ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በኢሜይል የሚላኩላቸውን የሒሳብ ጥያቄዎች መመለስ ጀመሩ። «ዶክተር ማዝ» ማለትም «ዶክተር ሒሳብ» የአንድ ሰው ስም ሳይሆን የመላሾቹ ሁሉ የጋራ መጠሪያ ነበር። ጥያቄው እየበዛ ሲሄድ መምህራን፣ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች፣ ጡረተኞችና ሌሎች ሒሳብ አዋቂዎች ከልዩ ልዩ አገሮች እየተጨመሩ የበጎ ፈቃደኞቹ ቁጥር በመቶዎች የሚቆጠር ሆነ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዲሉ፣ አንድ መምህር ሊሸከመው የማይችለው የጥያቄ ብዛት ለብዙዎች ሲከፋፈል ቀላል ሆነ።

የአሠራሩ ሥርዓት ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ከተማሪው የመጣው ጥያቄ በአንድ የጋራ መዝገብ ይቀመጥ ነበር፤ ከበጎ ፈቃደኞቹ መካከል ልመልሰው እችላለሁ ያለ ያነሣው ነበር። አዲስ የገባ በጎ ፈቃደኛ የጻፈው መልስ ግን በቀጥታ ለተማሪው አይላክም ነበር፤ በቅድሚያ ልምድ ያለው ሰው አንብቦ ያርመው ነበር። ለሌሎችም ይጠቅማሉ የተባሉ ጥያቄዎችና መልሶች ተመርጠው፣ በክፍል ደረጃና በርእስ ተከፋፍለው፣ ማንም ሊያነባቸው በሚችልበት መዝገብ ውስጥ ይገቡ ነበር። ደጋግመው የሚመጡት፣ ለምሳሌ በዜሮ ማካፈል ስለምን እንደማይቻል ወይም ኔጌቲቭ በኔጌቲቭ ሲባዛ ስለምን ፖዘቲቭ እንደሚሆን የሚጠይቁት፣ ራሱን የቻለ ዝርዝር ተዘጋጅቶላቸው ነበር። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ከዚሁ መዝገብ የተውጣጡ መጻሕፍት ለተማሪዎች ታትመዋል።

እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት ቁም ነገር አለ። የአገልግሎቱ ጥራት የተጠበቀው በጎ ፈቃደኞቹ ሒሳብ ስለሚያውቁ ብቻ አልነበረም። ሒሳብ ማወቅና ሒሳብ ማስረዳት የተለያዩ ችሎታዎች መሆናቸው ታምኖበት፣ አዳዲሶቹ በነባሮቹ ሥር እንዲሠለጥኑ በመደረጉ ጭምር ነው። በጎ ፈቃድ ካለ ሥልጠናና ቁጥጥር አያስፈልግም የሚለው አስተሳሰብ ስሕተት መሆኑን ይህ አሠራር በግልጽ ያሳያል።

የአገልግሎቱ ዋና ጥቅም

ስለ ነጻ የሒሳብ እርዳታ ሲነገር ጥቅሙ መልሱን ማግኘት ላይ እንደሆነ ተደርጎ ይወሰዳል። ነገር ግን የ«ዶክተር ማዝ» ምርጥ ምርጥ ልውውጦች ዋጋቸው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ለምሳሌ አንድ ተማሪ 1/2 እና 1/3 ደምሮ 2/5 አገኘሁ ብሎ ጻፈ እንበል። መላሹ «ስሕተት ነው፤ ትክክለኛው መልስ 5/6 ነው» ቢለው እውነቱን ነግሮታል፤ ሆኖም አላስተማረውም። ተማሪው ነገ 1/4 እና 1/5 ሲደምር ያንኑ ስሕተት ይደግማል፤ ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት መደመር ስለምን እንደማያስኬድ አላወቀምና። በአንጻሩ መላሹ «ያገኘኸው 2/5 ከ1/2 ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ብሎ ቢጠይቀው፣ ተማሪው ለግማሽ ተጨማሪ ተደርጎበት ከግማሽ ያነሰ ውጤት እንዳገኘ ራሱ ያያል። ስሕተቱን ያገኘው ራሱ በመሆኑም ከዚያ በኋላ ስለ ጋራ ታህት የሚነገረው ነገር ትርጉም ይኖረዋል።

ስያሜው በአጋጣሚ ጥሩ ምሳሌ ይሰጣል። በሥራው የታመነ ሐኪም በሽተኛውን ሳይመረምር መድኃኒት አያዝም። የ«ዶክተር ማዝ» ሥርዓትም ተማሪው ጥያቄውን ብቻ ሳይሆን እስከምን ድረስ እንደሞከረና የት ላይ እንደቆመ እንዲጽፍ ያበረታታ ነበር። የቤት ሥራ ሠርቶ መስጠት ዓላማው አልነበረም። ጥያቄውን በጽሑፍ ለማስቀመጥ የሚጥር ተማሪ ያልገባው ነገር የቱ እንደሆነ ለመለየት ይገደዳል፤ አንዳንዱም መልሱን የሚያገኘው ጥያቄውን ጽፎ ሳይጨርስ ነው።

ይህ አስተያየት በጥናትም የተደገፈ ነው። ቤንጃሚን ብሉም በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ታዋቂ ጽሑፍ፣ አንድ ለአንድ አስጠኚ ያገኘ መካከለኛ ተማሪ በተለመደው ክፍል ከሚማሩት 98 ከመቶ የሚሆኑትን እንደሚበልጥ አመልክቶ ነበር። ብሉም ያገኘው ልዩነት ሁለት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ያህል ሲሆን፣ ከርት ቫንሌን በ2011 እ.ኤ.አ. ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ ሲመረምር ግን የአንድ ለአንድ አስጠኚ ውጤት 0.79 ገደማ ሆኖ ተገኘ። ቁጥሩ ከብሉም እጅግ ቢያንስም ለአንድ የትምህርት ዘዴ ከፍተኛ ነው። ከዚህ ይልቅ ለመምህራን የሚጠቅመው ሚሼሊን ቺና የሥራ ባልደረቦቿ በ2001 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ጥናት ነው። አስጠኚዎች ማብራሪያ ከመስጠት እንዲቆጠቡና ተማሪውን በጥያቄ ብቻ እንዲያነሣሡ ሲደረግ፣ ተማሪዎቹ ማብራሪያ ከተሰጣቸው ባልተናነሰ ሁኔታ ተምረዋል። በመሆኑም የአስጠኚው ዋና ሥራ መናገር ሳይሆን ተማሪውን ማናገር ነው ማለት ይቻላል።

የኢትዮጵያ መምህራን ይህን ከራሳቸው ልምድ ጋር ሊያነጻጽሩት ይችላሉ። በ2004 እ.ኤ.አ. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረው፣ በተለምዶ «ፕላዝማ» እየተባለ የሚጠራው የሳተላይት ቴሌቪዥን ትምህርት በመላ አገሪቱ አንድ ዓይነት ትምህርት ለማዳረስ አስችሏል። ነገር ግን በመስታወቱ ውስጥ የሚታየው መምህር የተማሪውን ጥያቄ አይሰማም፤ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሴኮንድ ይጠብቃል፣ ክፍሉ ገባውም አልገባውም ይቀጥላል። የ«ዶክተር ማዝ» አገልግሎት የዚህ ተቃራኒ ነበር፤ ተማሪው ካልተናገረ አስጠኚው አንድም ቃል አይናገርም ነበር። ቴክኖሎጂ በሁለቱም አለ፤ ልዩነቱ ግን ነገሩ ከማን ይጀምራል በሚለው ላይ ነው።

የአገልግሎቱ መሠረታዊ ጉድለት

የአሠራሩ ብርታት የሆነው ይኸው ባሕርይ ጉድለቱም ነው። ሁሉ ነገር በተማሪው ጥያቄ የሚጀምር ከሆነ፣ መጠየቅ የማይችለው ተማሪ ከደጁ ይቀራል። ጥያቄ ለማቅረብ ከኮምፒዩተርና ከኢንተርኔት ሌላ ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ። አንደኛው ያልገባውን ነገር ለይቶ ማወቅ፣ ሁለተኛው በጽሑፍ የመግለጽ ችሎታ፣ ሦስተኛው አለማወቅን ለማይታወቅ ሰው የመግለጽ ድፍረት ነው። ሦስቱም በብዛት የሚገኙት በትምህርቱ እየገፋ ባለው ተማሪ ዘንድ ነው። ሁሉ ነገር የጠፋበት ተማሪ «ምንም አልገባኝም» ከማለት በስተቀር የሚጽፈው የለውም፤ ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ደግሞ ከሩቅ ያለ አስጠኚ መልስ ለመስጠት ይቸግረዋል።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በ2022 እ.ኤ.አ. ካርሊ ሮቢንሰንና ባልደረቦቿ በካሊፎርኒያ በሚገኙ ትምህርት ቤቶች ያደረጉት ጥናት ይህን ያረጋግጣል። ተማሪዎቹ በፈለጉት ሰዓት በኢንተርኔት አስጠኚ እንዲያገኙ ተመቻችቶላቸው ነበር፤ ክፍያውም በተማሪው ወይም በወላጁ ላይ የሚያርፍ አልነበረም። ሆኖም አንድ ጊዜ እንኳ የተጠቀሙት 19 ከመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ ውጤታቸው ዝቅተኛ የሆነው ተማሪዎች ከሌሎቹ ያነሰ ተጠቅመዋል። በዚያ ጥናት አስጠኚዎቹ በጎ ፈቃደኞች ባይሆኑም ከተማሪው ወገን ሲታይ ነገሩ አንድ ነው። በር መክፈትና ሰው ማስገባት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በሩ ለሁሉም እኩል በተከፈተ ጊዜ ቀድሞ የሚገባው ብርቱው ነው። እንዲህ ያለው እርዳታ ብቻውን ሲተው በተማሪዎች መካከል ያለውን ልዩነት ከማጥበብ ይልቅ ሊያሰፋው ይችላል።

በ2010 እ.ኤ.አ. የተከፈተው «ማቴማቲክስ ስታክ ኤክስቼንጅ» የተባለው የጥያቄና መልስ መድረክ ደግሞ ችግሩን በሌላ ገጽታ ያሳያል። በዚያ መድረክ ተማሪው የሞከረውን ሳይጠቅስ የቤት ሥራውን ብቻ ገልብጦ ቢያቀርብ ጥያቄው እንዲዘጋ ይደረጋል። ደንቡ ስንፍናን ለመከላከል የወጣ በመሆኑ ምክንያታዊ ነው። ይሁንና ሰነፉንና ግራ የተጋባውን ለይቶ አያውቅም፤ የሁለቱም ጥያቄ ከውጭ ሲታይ አንድ ይመስላልና። «ዶክተር ማዝ» ከዚህ የሚሻለው፣ ያልተሟላ ጥያቄ ሲቀርብለት ብዙውን ጊዜ በመዝጋት ፈንታ ሌላ ጥያቄ መልሶ በመጠየቁ ነው። ቢሆንም ከመጡት ጥያቄዎች ሁሉንም መመለስ አልቻለም ነበር፤ የበጎ ፈቃደኛ ጊዜ የተወሰነ ነው።

ለኢትዮጵያ ተማሪ የቋንቋው ጉዳይ በዚህ ላይ ይጨመራል። አገልግሎቱ ይሰጥ የነበረው በእንግሊዝኛ ነው። የመጀመሪያ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋው የተማረ ልጅ «የጋራ ታህት» ብሎ የሚያውቀውን ነገር በእንግሊዝኛ ስሙን ካላወቀ በመዝገቡ ውስጥ ፈልጎ ሊያገኘው አይችልም። መልሱ በመዝገቡ ውስጥ ቢኖርም ለእርሱ እንደሌለ ይቆጠራል።

የአገልግሎቱ መቋረጥ የሚያስተምረው

ማዝ ፎረም በ2001 እ.ኤ.አ. በፊላደልፊያ ወደሚገኘው ድሬክሰል ዩኒቨርሲቲ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ ወደ አሜሪካ የሒሳብ መምህራን ብሔራዊ ምክር ቤት ተዛወረ። ከዚህ በኋላ የ«ዶክተር ማዝ» አገልግሎት አዲስ ጥያቄ መቀበሉን አቆመ። ከነባሮቹ በጎ ፈቃደኞች አንዳንዶቹ በ2018 እ.ኤ.አ. «ዘ ማዝ ዶክተርስ» የሚል ሌላ አገልግሎት በራሳቸው አቋቁመው ሥራውን ቀጠሉ።

ከዚህ ሁለት ነገር መረዳት ይቻላል። የመጀመሪያው፣ የበጎ ፈቃደኞች ትጋት ድርጅቱ ከሚሰጣቸው ድጋፍ ዕድሜ ሊበልጥ እንደሚችል ነው፤ ይህ የሚያስመሰግን ነው። ሁለተኛው ግን ለዕቅድ አውጪዎች ማስጠንቀቂያ ነው። አስጠኚዎቹ ደመወዝ ባይከፈላቸውም ጥያቄዎቹን የሚያደራጅ፣ መልሶቹን የሚያርም፣ መዝገቡን የሚጠብቅ አካል ያስፈልጋል፤ ይህም ወጪ አለው። «ነጻ» የሚለው ቃል ለተማሪው እንጂ ለሥራው አይሠራም። በጎ ፈቃድን እንደ በጀት ቆጥሮ የማጠናከሪያ ትምህርትን በእርሱ ላይ ብቻ የሚመሠርት ዕቅድ፣ ያ ድጋፍ በተቋረጠ ቀን ይፈርሳል።

ስለ መዝገቡም የሚባል ነገር አለ። መዝገብ ይነበባል፤ ነገር ግን አይጠይቅም። ሕያው ልውውጥ የነበረው ነገር ንግግሩ ሲቆም መጽሐፍ ይሆናል። መጽሐፍ መጥፎ ነው ለማለት አይደለም፤ በዚያ መዝገብ ውስጥ ያሉት ልውውጦች ለመምህራን ሥልጠና የሚሆኑ ጥሩ ምሳሌዎች ናቸው። ይሁን እንጂ 2/5 ያገኘውን ልጅ «ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው በመዝገቡ ውስጥ የለም። ይህ ነጥብ ዛሬ ይበልጥ ክብደት አለው። በ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ቻት ጂፒቲ ከወጣ ወዲህ የተሠራ መልስ በቅጽበት ማግኘት ቀላል ሆኗል። መልስ ሲረክስ ተማሪውን የሚያስጠይቀው ሰው ዋጋው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

የኢጣሊያ ልምድ

መጠየቅ የማይችለውን ተማሪ በሚመለከት ትምህርት ቤት ሊያደርግ የሚችለው ነገር መኖሩን የኢጣሊያ ልምድ ያሳያል። በ2020 እ.ኤ.አ. በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ፣ ሚኬላ ካርላናና ኤሊያና ላ ፌራራ የተባሉ ተመራማሪዎች በጎ ፈቃደኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ከመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም አዘጋጁ። አስጠኚዎቹ ያለ ክፍያ በኢንተርኔት አማካይነት በሳምንት ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ሒሳብ፣ ጣሊያንኛና እንግሊዝኛ አስጠኑ። ሥልጠናና የባለሙያ ድጋፍም ተደርጎላቸዋል። እርዳታ ከሚያስፈልጋቸው ከ1,000 በላይ ተማሪዎች ግማሽ ያህሉ በዕጣ ተመርጠው አስጠኚ ሲያገኙ፣ የእነዚህ ውጤት ከቀሩት በ0.26 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን በልጦ ተገኝቷል።

በአሠራሩ ወሳኙ ነገር ተማሪዎቹ የተገኙበት መንገድ ነው። ልጆቹ ራሳቸው ፈልገው እስኪመጡ አልተጠበቁም፤ እርዳታ የሚያስፈልጋቸውን የጠቆሙት ትምህርት ቤቶቹ ናቸው። ለእያንዳንዱ ተማሪም አንድ የታወቀ አስጠኚ ተመድቦለት ሳምንት በሳምንት ይገናኙ ነበር። በጎ ፈቃደኛው ሙያውንና ጊዜውን አመጣ፤ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ማን እንደሚቸገር ያለውን ዕውቀት አመጣ። ኢትዮጵያ ውስጥ በ2003 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በሽተኛው ወደ ጤና ጣቢያ እስኪመጣ ከመጠበቅ ሠራተኛዋ ቤት ለቤት እንድትሄድ ማድረጉ በዚሁ አስተሳሰብ ላይ የተመሠረተ ነው።

ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች

ከላይ ከተመለከተው በመነሣት ጥቂት ተግባራዊ ነጥቦችን ማመልከት ይቻላል። አንደኛ፣ ኢንተርኔት በሌለበት ትምህርት ቤትም ቢሆን የአገልግሎቱ ዋና ቁም ነገር ሊሠራበት ይችላል። በክፍል ውስጥ የጥያቄ ሣጥን ማኖር፣ ተማሪው ስሙን ሳይጽፍ የሞከረውንና የቆመበትን ቦታ በቁራጭ ወረቀት ላይ እንዲያሰፍር ማድረግ፣ መምህሩም በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ከእነዚያ ጥያቄዎች እንዲነሣ ማድረግ ወጪ አይጠይቅም። መጻፍ ለሚቸግረው ተማሪ ደግሞ የተሳሳተ ሥራው ራሱ ጥያቄ ስለሆነ፣ መምህሩ ደብተሩን በዚህ ዓይን ሊያነበው ይገባል።

ሁለተኛ፣ በክረምት ወራት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በበጎ ፈቃድ የሚሰጡት የማጠናከሪያ ትምህርት ከወዲሁ ያለ ሀብት ነው። ሥራው ሌላ ክፍልና ሌላ ጥቁር ሰሌዳ ከመጨመር አልፎ እንዲሄድ ከተፈለገ፣ በጎ ፈቃደኞቹ ከመሠማራታቸው በፊት መልስ ከመስጠት በፊት መጠየቅን እንዲለማመዱ፣ በሥራ ላይ እያሉም ልምድ ባለው መምህር እንዲታገዙ ያስፈልጋል። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ከፍ ያለው ተማሪ በየኔታ ሥር ሆኖ ታናናሾቹን ማስጠናቱ የታወቀ ነው፤ ልማዱ ለኅብረተሰቡ አዲስ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ተማሪዎችን የሚመድበው የክፍሉ መምህር መሆን አለበት። ምዝገባው ለፈቃደኛ ብቻ ከተተወ በየዓመቱ የሚመዘገቡት እነዚያው ጎበዞቹ ይሆናሉ። አራተኛ፣ የዚህ ዓይነት አገልግሎት በኢንተርኔት ሲደራጅ በአማርኛና በሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎች መጠየቅ የሚቻልበት መንገድ አብሮ መታሰብ ይኖርበታል።

ማጠቃለያ

«ዶክተር ማዝን ጠይቁ» በዘመኑ የተመሰገነ ሥራ ነበር፤ ምስጋናውም የሚገባው ነው። ከሩቅ ያሉ የማይተዋወቁ ሰዎች፣ አንዱ ስለ ክፍልፋይ ሲጨነቅ ሌላው ያለ ምንም ክፍያ ጊዜውን ሰውቶለት፣ በትዕግሥት እየተጠያየቁ ሒሳብ ሊማማሩ እንደሚችሉ አሳይቷል። ያላሳየው ነገር ቢኖር ጥያቄውን ሊጽፍ ያልቻለውን ልጅ እንዴት ማግኘት እንደሚቻል ነው። ያ ልጅ በየትኛውም መዝገብ ውስጥ ስሙ አይገኝም፤ የሚገኘው በክፍሉ የኋላ ወንበር ላይ ነው። እርሱን የሚያየው ከፊቱ የቆመው መምህር ብቻ ስለሆነ፣ የበጎ ፈቃደኛ አስጠኚዎች እርዳታ በመምህሩ ምትክ የሚተከል ሳይሆን በመምህሩ ጠቋሚነት የሚሠራ ሆኖ ሊታቀድ ይገባል።